የሊምፍ ዕጢን አሰላለፍ ሳናፈርስ እንመርምር

በአማርኛ «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ሁለት በሽታዎችን ተሸክሞ ይኖራል፤ ብቻውን ሲነገር ካንሰርን፣ «ሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ደግሞ ቲቢን ያመለክታል። በአንገት ላይ የወጣ ንፍፊት ለሚመረምር ሐኪም ይህ መደራረብ የቋንቋ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሊምፍ ዕጢ ቲቢም ሆነ ሊምፎማ እብጠት፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። የቲቢ ሥርጭት ከፍተኛ በሆነባት አገራችን የመጀመሪያው ግምት ቲቢ መሆኑ ተገቢ ነው። ጥያቄው ግምቱ ሲሳሳት በምን እናውቃለን የሚል ነው። በእኔ አስተያየት የመልሱ ዋና ክፍል የሚገኘው በሕዋሳቱ መልክ ብቻ ሳይሆን በአሰላለፋቸው ነው፤ ይህን አሰላለፍ ግን ብዙ ጊዜ ገና ሳናየው እናፈርሰዋለን።

ጤናማ የሊምፍ ዕጢ እንደ ገበያ የየራሱ ተራ አለው። በውጭኛው ክፍል ቢ ሕዋሳት በፎሊክል ይሰባሰባሉ፤ ከዚያ ሥር ያለው ስፍራ የቲ ሕዋሳት ነው፤ በውስጠኛው ክፍል ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱ የፕላዝማ ሕዋሳት ይገኛሉ። ይህ ድልድል በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ሲኤክስሲኤል13 የተባለው ኬሞካይን ቢ ሕዋሳትን ወደ ፎሊክል ይስባል፤ ሲሲኤል19 እና ሲሲኤል21 ቲ ሕዋሳትን ወደ ስፍራቸው ይመራሉ።

የቢ ሕዋስ ሊምፎማ ይህን ሥርዓት በተለያየ መንገድ ያናጋል። በፎሊኩላር ሊምፎማ ፎሊክሎች በቁጥር በዝተው እርስ በርስ ይጠጋጋሉ፤ በጀርሚናል ማዕከሉ ውስጥ የነበረው የብርሃንና የጨለማ ክፍል ልዩነት ይጠፋል፤ በዙሪያው ያለው ማንትልም ይሳሳል። በዲፊዩዝ ላርጅ ቢ ሴል ሊምፎማ ትላልቅ ሕዋሳት ዕጢውን ሞልተው የቀድሞውን ወሰን ይደመስሳሉ። በክላሲካል ሆጅኪን ሊምፎማ ከቢ ሕዋስ የሚመነጩት የሪድ ስተርንበርግ ሕዋሳት የኅብረ ሕዋሱ ትንሽ እጅ ብቻ ናቸው፤ የሚበዛው በዙሪያቸው የተሰለፈው የቲ ሕዋስ፣ የማክሮፋጅና የኢኦሲኖፊል ስብስብ ነው። ቲቢም የራሱ አሰላለፍ አለው፦ በመሃል አይብ መሰል የሞተ ኅብረ ሕዋስ፣ በዙሪያው ኤፒተሎይድ ማክሮፋጆችና የላንግሃንስ ግዙፍ ሕዋሳት፣ ከዳር ሊምፎሳይቶች።

አሰላለፉ በሽታውን ከመለየት ያለፈ ፋይዳም አለው። እ.ኤ.አ. በ2004 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ የ191 ፎሊኩላር ሊምፎማ ናሙናዎች ጥናት፣ የሕሙማኑ የዕድሜ ቆይታ በእጅጉ የተያያዘው በዕጢው ውስጥ ካሉ ካንሰር ካልሆኑ የመከላከያ ሕዋሳት የጂን ምልክት ጋር መሆኑን አሳይቷል። የጂን ልኬቱ ግን የተሠራው ከኅብረ ሕዋሱ በተውጣጣ አር ኤን ኤ ስለነበር ሕዋሳቱ የት እንደቆሙ ሊናገር አልቻለም። ዛሬ ቲ ሕዋስን ከካንሰሩ ቢ ሕዋስ ጋር የሚያገናኙ ባለ ሁለት ክንፍ ፀረ እንግዳ አካላት ለሕክምና በዋሉበት ዘመን፣ ሁለቱ ምን ያህል ይራራቃሉ የሚለው የሕክምናም ጥያቄ ሆኗል።

ከዚህ አንጻር የእኛን አሠራር እንመልከት። ከጎበሳ ተነሥቶ አንገቱ ላይ ባለ እብጠት ምክንያት ወደ አሰላ የመጣ አንድ ገበሬ እናስብ። የሚጠብቀው ምርመራ በአብዛኛው የቀጭን መርፌ ናሙና ነው። መርፌው ርካሽና ፈጣን ነው፤ ቲቢንም በጂን ኤክስፐርት ለማረጋገጥ ይጠቅማል። ይሁን እንጂ ሕዋሳቱን ከየተራቸው አውጥቶ በስላይድ ላይ ይበትናል። ትናንሽ ሕዋሳት የሚበዙበት ፎሊኩላር ሊምፎማ በተበተነ ናሙና በቁጣ ካበጠ ዕጢ ጋር ሊመሳሰል ይችላል። በሆጅኪን ሊምፎማ ዕጢ ውስጥ ግራኑሎማ ሊገኝ ስለሚችል፣ መርፌው ያንን ብቻ ካገኘ «ቲቢ» የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። ገበሬው የስድስት ወር የቲቢ መድኃኒት ጀምሮ ወደ ጎበሳ ይመለሳል፤ ሊምፎማው ግን ስድስት ወር አይጠብቅም።

የምለው መርፌው ይቅር አይደለም። ተሕዋሲያኑ በምርመራ ካልተረጋገጠ፣ ወይም በሕክምና ላይ እብጠቱ ካልቀነሰ፣ ዕጢው በሙሉ ወጥቶ ይመርመር ነው የምለው። በቲቢ ሕክምና መካከል ዕጢ ለጊዜው ሊያብጥ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ይህ ግን ለመጠርጠር እንጂ ለመዘንጋት ምክንያት አይሆንም። የወጣው ዕጢ ለሁለት ይከፈል፦ አንዱ ክፍል ለቲቢ ምርመራ፣ ሌላው በቂ መጠን ባለው 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ። ፎርማሊን ወደ ኅብረ ሕዋስ የሚዘልቀው በሰዓት በግምት አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ሳይከፈል የተነከረ ትልቅ ዕጢ መሃሉ ይበላሻል። ኮርቲኮስቴሮይድም ከናሙናው በፊት ከተሰጠ የሊምፎማውን ሕዋሳት ሊያጠፋ ይችላል።

ወጪውና የቀዶ ሐኪም እጥረቱ እውነተኛ መሰናክሎች ናቸው። ሆኖም የአሰላለፍ ጥናት ሁልጊዜ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። በተከታታይ በተቆረጡ ሦስት ስላይዶች ላይ ሲዲ20ን ለቢ ሕዋስ፣ ሲዲ3ን ለቲ ሕዋስ፣ ሲዲ21ን ለፎሊኩላር ደንድሪቲክ ሕዋሳት መረብ ማቅለም ብዙ ያሳያል። ምስሉንም ኪውፓዝ በተባለው ነፃ ሶፍትዌር መለካት ይቻላል። ሊተካ የማይችለው በአግባቡ የተያዘና የተመዘገበ የፓራፊን ብሎክ ነው፤ የተበተነውን ናሙና ማንኛውም መሣሪያ መልሶ አያሰልፈውም።

ይህ ሥራ በአርሲ ቢሠራ የሌላውን ውጤት መድገም ብቻ አይሆንም። ዴኒስ በርኪት እ.ኤ.አ. በ1958 በኡጋንዳ ሕፃናት ላይ የገለጸው ሊምፎማ ሞቃትና ዝናባማ ቆላን ተከትሎ እንደሚሠራጭ፣ በቀዝቃዛ ደጋም ብርቅ እንደሆነ በኋላ ራሱ አሳይቷል፤ በ1964 ደግሞ ከእነዚሁ ዕጢዎች የኤፕስታይን ባር ቫይረስ ተገኘ። ቦታን መጠየቅ ወደ ግኝት መርቷል። በጭላሎ ግርጌ ያለችው አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ቲቢ በሚበዛበት፣ ወባ ግን በሚያንስበት ደጋ የሚኖር ሰው የሊምፍ ዕጢ በቲ ሕዋሳቱ አሰላለፍ ከቆላው ወይም ከአውሮፓው ይለያል ወይ? ይህ ለአንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የሚበቃ ጥያቄ ነው።

ለጥያቄው የሚያስፈልጉት ብሎኮች የሚሰበሰቡት ለጎበሳው ገበሬ ትክክለኛ ምርመራ በሚደረግበት በዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ስለዚህ ምርምሩንና ሕክምናውን ለይተን ወረፋ አናስይዛቸው፤ ሁለቱም የሚጀምሩት ዕጢውን በሙሉነቱ ከማክበር ነው።