ስለ ንግድ ቤት ስልክ አመራረጥ

ለሱቁ የስልክ መሥመር ለማውጣት የሚያስብ ነጋዴ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው የደቂቃውን ዋጋ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በኢትዮ ቴሌኮም ጎን ሥራ ከጀመረ ወዲህማ ክርክሩ ሁሉ የዋጋ ሆኗል። ዋጋ መጠየቅ አያስነቅፍም፤ ሆኖም ከዚያ በፊት ሊታሰብበት የሚገባው መሥመሩ በማን ስም እንደሚወጣ ነው።

በብዙ ሱቆች በር ላይ የተጻፈው ቁጥር በሻጩ ወይም በዘመድ ስም የተመዘገበ ነው። እኛም በዚሁ ስሕተት ወድቀን ነበር። ሻጫችን ሥራውን ሲለቅ ቁጥሩን ይዞት ሄደ፤ የክፍለ ሀገር ደንበኞቻችንም ወደ እኛ የደወሉ እየመሰላቸው ለወራት ያህል ዕቃ ያዘዙት ከእርሱ ዘንድ ነበር። በስሙ የወጣ ነውና ምን ብለን እንክሰሰው? በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከተጀመረ በኋላ ደግሞ የሽያጩ ገንዘብ ጭምር በቁጥሩ ላይ ስለሚያድር ጉዳቱ ከፊተኛው የባሰ ነው። ስለዚህ ነጋዴው የንግድ ፈቃዱንና የግብር ከፋይነት መለያ ቁጥሩን ይዞ መሥመሩን በድርጅቱ ስም ያስመዝግብ።

ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ለሚለን፣ የሁለቱንም ሲም ካርድ ገዝቶ ምድር ቤት ካለው መጋዘኑ ውስጥ ገብቶ ይደውል እንላለን። ከደጅ ጥርት ብሎ የሚሰማው በቆርቆሮና በሲሚንቶ መካከል ሲጠፋ ብዙ ጊዜ አይተናል። የቆየ የ09 ቁጥር ያለውም ርካሽ አገኘሁ ብሎ በ07 አይለውጠው፤ አዲሱን በተጨማሪነት ይያዘው እንጂ። የጅማና የደሴ ደንበኛው በደረሰኙ ላይ ታትሞ የሚያውቀው የቀድሞውን ነው።