ትልቁ ትራፓኖ ለሚዛን አይቅረብ

በወርክሾፓችን ጥግ ሸራ ለብሶ የቆመውን ትልቅ ትራፓኖ የማያውቅ ዕጩ መምህር የለም። ሸራውን ገልጦ ያየው ግን ስንቱ ነው? ይኸው ማሽን አርጅቷልና ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ተመዝኖ ይሸጥ የሚል ሐሳብ ሰሞኑን ይናፈሳል። እኛ የብረታ ብረት ክፍል ዕጩ መምህራን በዚህ አንስማማም።

ማሽኑ ኦዴሳ የተሠራ፣ 2ኤም55 የሚባል ራዲያል ትራፓኖ ነው። ክብደቱ ከ4 ቶን በላይ ሲሆን ብረትን እስከ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ይበሳል። ክንዱ በዓምዱ ዙሪያ ይዞራል፣ ይወጣል ይወርዳል፤ ጭንቅላቱም በክንዱ ላይ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። በትንሹ ትራፓኖ ሥራውን ገፍተን ፑንታው ሥር እናስገባለን። የወፍጮ እግር ወይም የከባድ መኪና ሻንሲ ግን በማን ጉልበት ይገፋል? በራዲያሉ ሥራው ባለበት ይታሰራል፤ ፑንታው ራሱ ወደየቀዳዳው ይሄዳል። አንዴ ታስሮ ስምንት ቀዳዳ ቢበሳ ስምንቱም ትይዩ ሆነው ይወጣሉ።

ስሌቱንማ ሁላችንም በደብተራችን ይዘነዋል። ለስላሳ ብረት በደቂቃ 25 ሜትር ፍጥነት ሲቆረጥ፣ ባለ 25 ሚሊ ሜትር ፑንታ በደቂቃ 318 ጊዜ ያህል ይዞራል። ፈተና ላይ ይመጣል፣ እንመልሳለን። ታዲያ ፑንታው ከታች ሊወጣ ሲል ብረቱን እንዴት ነክሶ እንደሚጎትት በየትኛው ጥቁር ሰሌዳ ይታያል? ክንዱ ሳይቆለፍ ሲበሳ ቀዳዳው መሳቱን፣ የተጣበቀ ፑንታ በሽብልቅ ተመትቶ መውጣቱን የሚማረው እጅ ነው። የኛ ነገር ላም አለኝ በሰማይ ሆኗል።

የሚከራከሩን ጓደኞች አሉ። አደጋ አለው ይላሉ፤ እውነት ነው። ጓንት አድርጎ ወይም እጅጌውን ሳይሰበስብ በሚዞር ፑንታ አጠገብ የሚቆም ሰው እጁን ያጣል። ይህ ግን የአዲሱም ትራፓኖ ጠባይ ነው። መለዋወጫ አይገኝም የሚሉት የበለጠ ያሳስበናል። ቡሽና ፒን ከጎኑ ባለው ቶርኖ ይወጣል፤ የማርሽ ጥርስ ረግፎ ከሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል። እንዲያው ሳይከፈት አርጅቷል ማለት ምን ይባላል? ማሽን የሚያረጀው በመበላት ነው፣ መበላት ደግሞ ይለካል።

ነገ የምንመደብበት ትምህርት ቤት ሸራ የለበሰ ማሽን ብናገኝስ? ነክቶት የማያውቅ መምህር ፈርቶ ይቆልፍበታል፤ ተማሪውም እንደኛ ሥዕሉን ብቻ ይገለብጣል።

የሽያጩ ቀን ከመቆረጡ በፊት ሦስት ቅዳሜ ይሰጠን። መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ባለሙያ መስመሩን ይፈትሽ፣ እኛም አሮጌውን ዘይት አውጥተን ማርሾቹን እንይ። በሁለተኛው ስፒንድሉ ምን ያህል እንደሚወላገድ በዳያል ጌጅ እንለካ። በሦስተኛው የወርክሾፕ መምህራችን ባሉበት ወፍራም ላሜራ እንብሳ። ቁጥሩን፣ ደግም ይሁን ክፉ፣ እዚሁ ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን።