የዓሣ ጥገኛ ትሎችን በዘረ መል የመለየት ፋይዳ

የአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ጣና የበርካታ ዓሣ አስጋሪዎች የኑሮ መሠረት ነው። በሐይቁ ከሚገኙት የባርበስ ወገን ዓሦች መካከል ሁለት ትናንሽ ዝርያዎች ሊጉላ በተባለ የኮሶ ትል ዘመድ እንደሚጠቁ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት አመልክቷል። ትናንሾቹ ዓሦች የትልልቅ ዓሦችና የአእዋፍ ምግብ በመሆናቸው ጉዳቱ በእነርሱ ብቻ ላይወሰን ይችላል።

የትሉ እጭ በመጀመሪያ በጥቃቅን የውኃ ነፍሳት፣ ቀጥሎም በዓሣ ሆድ ዕቃ ውስጥ ያድጋል። በዚያም የዓሣው የመራቢያ አካል እንዳይዳብር ያደርጋል። የተጠቃውን ዓሣ የበላ ወፍ ደግሞ የትሉን እንቁላል ከኩሱ ጋር ወደ ውኃ ይጥላል።

በልዩ ልዩ አህጉራት የሚገኙት የሊጉላ ትሎች በመልክ ተመሳሳይ በመሆናቸው በማጉያ መነጽር ብቻ መለየት ያዳግታል። ከአውሮፓ፣ ከአፍሪካና ከሌሎች አካባቢዎች የተሰበሰቡ ናሙናዎችን ዲ ኤን ኤ ያነጻጸረውና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ጥናት ግን የኢትዮጵያው ትል ራሱን የቻለ የዘር ሐረግ እንዳለው አሳይቷል። በመሆኑም በሌላ አገር ስለ ትሉ የተገኘ ዕውቀት ሳይፈተሽ ለጣና ይሠራል ብሎ መደምደም አይቻልም።

ትልን በትክክል የመለየት ጥቅም በኖርዌይ ጎልቶ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ወደዚያች አገር የገባውና የሳልሞን ዓሣን ቆዳ የሚያጠቃው ጋይሮዳክቲለስ ሳላሪስ የተባለ ጥቃቅን ትል ከ50 ያህል ወንዞች ውስጥ ተገኝቷል። ትሉን ለማጥፋት ሲባል በበርካታ ወንዞች ዓሦቹን ጭምር የሚገድል መርዝ ተጨምሯል። እንዲህ ያለ ከባድ እርምጃ ከመወሰዱ በፊት የትሉን ማንነት ማረጋገጥ ግድ ይላል። የአገሪቱ ተመራማሪዎች የወንዝ ውኃ በማጣራትና በውኃው ውስጥ የቀረውን ዲ ኤን ኤ በመመርመር ዓሣ ሳይገድሉ የትሉን መኖር ማወቅ እንደሚቻል አሳይተዋል።

ይሁን እንጂ ዘዴው ሁሉንም ጥያቄ አይመልስም። በውኃ ውስጥ የተገኘ ዲ ኤን ኤ ትሉ በሕይወት ስለመኖሩም ሆነ ስንት ዓሦች እንደተጠቁ በራሱ አይናገርም። ስለዚህ ዓሣን ከፍቶ የመመርመሩ ነባር ሙያ ከላቦራቶሪው ሥራ ጋር ጎን ለጎን መቀጠል ይኖርበታል።

የዓሣ እርባታ ሲስፋፋ የዓሣ ጫጩቶች ከአንድ የውኃ አካል ወደ ሌላው መጓጓዛቸው አይቀርም። ጥገኛ ትል አንዴ ሐይቅ ከገባ በኋላ ማስወጣቱ እጅግ አዳጋች በመሆኑ፣ ጫጩቶቹ ከመጓጓዛቸው በፊት የሚደረግ ምርመራ ከሁሉም ያነሰ ወጪ የሚጠይቅ ጥበቃ ነው።