በመተማ በር የሚታመን ሰው ማን ነው?

ባለፈው ዓመት በጥር ወር በጎንደር ከተማ በአንድ የዘመድ ሠርግ ላይ ተገኝቼ ነበር። በድንኳኑ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠው ዘመዳችን በአሜሪካ አገር፣ በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ሲሆን፣ ጨዋታው ሞቅ ሲል ከቦርሳው አንዲት ትንሽ ካርድ አውጥቶ ያሳየን ጀመር። ካርዷ ግሎባል ኤንትሪ የምትባለው ናት። ከረጅም በረራ በኋላ መንገደኛው ሁሉ ፓስፖርቱን ይዞ በሰልፍ ሲንገላታ፣ እርሱ ፊቱን ለመሣሪያው አሳይቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እንደሚያልፍ ነገረን።

አጎቴ በመተማ ዮሐንስ ሰሊጥ በመነገድ ሃያ ዓመት ያህል የኖሩ ሰው ናቸው። ካርዷን ተቀብለው ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩና፣ «ለዚህ ስንት ከፈልህ ልጄ?» ሲሉ ጠየቁት። «መቶ ሃያ ዶላር ነው ጋሼ፣ ለአምስት ዓመት» አላቸው። አጎቴም ሳቅ ብለው፣ «እኔንስ በድልድዩ ላይ ያለው ፖሊስ ሁሉ በስሜ ይጠራኛል፤ አንዲት ሳንቲም አልከፈልሁም» አሉ። ድንኳኑ በሳቅ ሞላ። ጥቂት ቆይተው ግን ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው፣ «ያውም ፖሊሱ እስኪቀየር ድረስ ነው» አሉኝ።

እነሆ የዛሬው ጽሑፌ መነሻ ይህ የአጎቴ ቃል ነው።

በመጀመሪያ ዘመዳችን የኮራበት ነገር ምን እንደሆነ እንመልከት። የታመነ መንገደኛ መዝገብ ሲባል፣ መንግሥት ድንበር ደጋግሞ የሚሻገረውን ሰው በበሩ ላይ በየጊዜው ከመመርመር ይልቅ፣ በቢሮው ተቀምጦ አንድ ጊዜ አጥብቆ የሚመረምርበት ሥርዓት ነው። አመልካቹ ስሙን፣ የኖረበትን ስፍራና የሥራውን ዓይነት ይጽፋል፤ የወንጀልና የጉምሩክ ታሪኩ ይታያል፤ ቀርቦም ይጠየቃል፤ አሻራውን ይሰጣል። ይህን ሁሉ ያለፈ ሰው በልዩ መስመር ይስተናገዳል። ብዙዎቻችን ይህ አሠራር የአውሮፕላን ተሳፋሪ ቅንጦት ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ግሎባል ኤንትሪ በአየር ማረፊያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲሆን፣ ከዚያ አሥራ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1995፣ ሴንትሪ የሚባለው መዝገብ በሳንዲዬጎና በቲኋና መካከል ባለው የምድር በር ላይ ተከፍቶ ነበር። የተከፈተውም ጧት ከሜክሲኮ ወጥቶ ማታ ለሚመለሰው ተመላላሽ ሰው ነው። እንግዲህ ይህ ሐሳብ የተወለደው በኬላ ነው፤ ወደ አየር ማረፊያ የወጣው በኋላ ነው።

የዚህ ካርድ ጉልበት በሩን ማስከፈቱ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ካርዱ ሊነጠቅ መቻሉ ደግሞ ትልቁ ጉልበቱ ነው። አንድ ፍሬ ወይም አንድ ቁራሽ ሥጋ ሳያስታውቅ ይዞ ሲገባ የተገኘ አባል መዝገቡን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ባለ ካርዱ የሚያጣው ነገር ስላለው ይጠነቀቃል፤ መንግሥትም ያን ጥንቃቄ እንደ ዋስ ይቆጥረዋል። በአገራችን ዋስ ጠርቶ መገበያየት የቆየ ልማድ ስለሆነ ይህን ለመረዳት የሚቸገር ሰው ያለ አይመስለኝም።

አሁን ወደ መተማ እንውረድ። ከአዘዞ ተነሥቶ በአይከል፣ በነጋዴ ባሕር፣ በምዕራብ ጎንደር ዞን ርእሰ ከተማ በገንዳ ውኃና በኮኪት አድርጎ የሚወርደው መንገድ መተማ ዮሐንስ ላይ ሲደርስ፣ ከትንሽ ድልድይ ማዶ የሱዳኗ ገላባት ትታያለች። መተማ የምትታወቀው ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁባት በመሆኗ ነው፤ ስሟም የእርሳቸው መታሰቢያ ሆኗል። ከጦርነቱ በፊትም በኋላም ግን የንግድ በር ነበረች፤ ስለ ዛሬው ጉዳያችንም የምታስተምረን በዚህ በኩል ነው።

በ1850ዎቹ ዓ.ም. መተማን ይዘው የነበሩት ከዳርፉርና ከዚያም ማዶ ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ፣ ተክሩሪ የሚባሉ ሙስሊሞች ነበሩ። ብዙዎቹ ወደ መካ ሲሄዱ ወይም ሲመለሱ በዚያው ቀርተው አራሽና ነጋዴ የሆኑ ናቸው። እንግሊዛዊው መንገደኛ ሳሙኤል ቤከር በዚያ ዘመን ገላባትን አይቶ እንደ ጻፈው፣ የተክሩሪዎቹ ሼክ በአንድ በኩል ለግብፅ፣ በሌላ በኩል ለኢትዮጵያ ግብር ይከፍሉ ነበር። በሁለቱም ዘንድ የታመነ ሰው ሆኖ ገበያውን ለማቆየት ዋጋው ይኸው ነበር። መቶ ሃያ ዶላር ከዚህ ጋር ሲመዘን ርካሽ ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። የእንግሊዟ ንግሥት የቪክቶሪያ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ ሲመጣ በ1858 ዓ.ም. መተማ ደርሶ ከአንድ ወር በላይ ቆሟል። የንግሥት ደብዳቤ በእጁ ነበር። ይሁን እንጂ የንጉሡ ፈቃድና አጃቢ እስኪመጣለት ድረስ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ሊራመድ አልቻለም። ፈቃዱ መጣ፤ በክብር ገባ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን የንጉሡ ልብ ሲለወጥ መቅደላ ላይ ታሰረ። የራሳም መተማመኛ በአንድ ሰው ልብ ላይ የተጻፈ ነበረ፤ የአጎቴም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ አጎቴ የሚፈሩት የንጉሥን ቁጣ ሳይሆን የአንድ አሥር አለቃን የዝውውር ደብዳቤ መሆኑ ነው።

በግንቦት ወር 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል ወሰኑ በወረቀት ላይ ተሰመረ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቆላ የሚኖረው ሰው፣ በሁለቱም ወገን ዘመድ ያለውን ጉሙዝ ጨምሮ፣ ትናንት ወደ ጎረቤት ይሄድበት የነበረው መንገድ ወደ ውጭ አገር መሄጃ ሆነበት።

እስቲ አሁን አንዲት ሴት እናስብ። የመተማ ዮሐንስ ነዋሪ ናት። ጥቂት ኪሎ ቡናና ቅመማ ቅመም በዘንቢል ይዛ ወደ ገላባት ትሻገራለች፤ ስትመለስ ሳሙና፣ ሽቶና የላስቲክ ዕቃ ታመጣለች። በሳምንት ሦስት ጊዜ ትመላለሳለች። በኬላው የቆየው ፖሊስ እርሷንም ልጆቿንም ያውቃል፤ ዘንቢሏን አየት አድርጎ ያሳልፋታል። አንድ ቀን አዲስ ፖሊስ ይመጣል። ይህ ወጣት ክፉ ሰው አይደለም፤ ምናልባትም ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት አንዱ ይሆናል። ነገር ግን የሚያውቀው ነገር የለም። ማን ነሽ፣ የቀበሌ መታወቂያሽ የት አለ፣ ይህ ዕቃ ለቤት ነው ለሽያጭ፣ ትናንትስ አልተሻገርሽም ወይ? ጥያቄው ሁሉ ተገቢ ነው። ፀሐዩ ግን የመተማ ፀሐይ ነው፤ ገበያውም አይጠብቃትም። ያን ጊዜ ሁለት መንገድ ይቀርብላታል። አንደኛው ለደላላ ከፍሎ ማለፍ ነው፤ ሁለተኛው ከድልድዩ ራቅ ብሎ በጫካው ማቋረጥ። አንዱን በመረጠች ዕለት ኮንትሮባንዲስት ትባላለች። ትናንት በበሩ በኩል እያለፈች ስትታይ የነበረች ሴት ነገ ከመንግሥት ዐይን ትሰወራለች። ከዚህ የተጎዳው እርሷ ብቻ ናት ወይስ በሩን የሚጠብቀውም ጭምር?

ለድንበር ነዋሪ የሚሰጥ የአነስተኛ ንግድ ፈቃድ በአገራችን መኖሩን አልዘነጋሁም። ነገር ግን ያ ፈቃድ በዋናነት ስለ ዕቃው ይናገራል፤ ምን ዓይነት ዕቃ፣ ምን ያህል ዋጋ እያለ። ስለ ሰውየው ጠባይ የሚናገር ወረቀት ሌላ ነው። ሕግ አክባሪነታቸው ለተመሰከረላቸው ትልልቅ አስመጪዎችና ላኪዎች ደግሞ የጉምሩክ ኮሚሽን የተፋጠነ መስተንግዶ የሚሰጥበት ሥርዓት አለው። መልካም ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን የመተማመኑ በር ከላይ ተከፍቶ ወደ ታች ሲወርድ መንገድ ላይ መቅረቱ ነው። ኮንቴነሩ ታምኖ ዘንቢሉ የሚጠረጠርበት ምክንያት ለእኔ አልተገለጠልኝም።

ይህ አይቻልም የሚል ቢኖር ወደ ጎማ ይመልከት። በኮንጎዋ ጎማና በሩዋንዳዋ ጊሴኒ መካከል ባለው ትንሹ በር በየቀኑ በብዙ ሺህ የሚቆጠር እግረኛ፣ አብዛኛው ጭንቅላቱ ላይ ቅርጫት የተሸከመች ሴት፣ ይሻገር ነበር። እነዚህ ሰዎች ፓስፖርት አይጠየቁም ነበር፤ የድንበር ከተማ ነዋሪ መሆናቸውን በመታወቂያ አሳይተው ዤቶን በምትባል ትንሽ ወረቀት ደርሰው ይመለሱ ነበር። የሁለቱ መንግሥታት ፍቅር ምን ያህል እንደሆነ ዓለም የሚያውቀው ነው። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ሩዋንዳም እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ዜጎቻቸው በመታወቂያ ብቻ እንዲዘዋወሩ አድርገዋል።

አሁን ከባድ ወደሆነው ነገር ደርሰናል። በሩ ራሱ ሲዘጋ ካርድ ምን ይሠራል? የሱዳን ወገን በሐምሌ 2013፣ ደግሞም በሰኔ 2014 ዓ.ም. በተፈጠረ አለመግባባት የገላባትን በር ዘግቶ፣ ከሳምንታት በኋላ ከፍቷል። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. መጨረሻም ዳግመኛ ተዘግቶ ነበር። በተዘጋ በር ፊት የታመነውም ያልታመነውም እኩል ይቆማል። ሌላው ቀርቶ በየካቲት 2012 ዓ.ም. የኢጋድ አገሮች ሚኒስትሮች ሕዝቦቻቸው በነፃ የሚዘዋወሩበትን ፕሮቶኮል የተቀበሉት በየት ከተማ ነው ቢባል፣ በካርቱም ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ ጦርነት ሲነሣ የብዙ አገር ዜጎች ወደ መተማ ጎረፉ። አንዳንድ ኤምባሲዎች ካርቱምን ለቀው ሲወጡ ለቪዛ የገባውን የሱዳናውያን ፓስፖርት ወይ ቆልፈውበት ሄዱ፣ ወይ እንዳይገኝ ብለው አጠፉት። ወረቀቱን አምኖ ያስረከበው ሰው ባዶ እጁን ቀረ። ስለዚህ ካርድ ሰላምን ይተካል የሚል የዋህነት የለብኝም። ነገር ግን በሩ ተዘግቶ በተከፈተ ማግሥት ማን ቀድሞ ይግባ የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ ያን ዕለት መዝገብ ያለው ኬላና መዝገብ የሌለው ኬላ አንድ አይሆኑም።

የጸጥታ ሰዎች የሚያነሡት ሥጋት ከዚህም ይበልጣል፤ በቸልታ ማለፍም ነውር ነው። መተማ ወጣቶች ወደ ሱዳን፣ ከዚያም ወደ ሊቢያ የሚወሰዱባት መንገድ መሆኗ የታወቀ ነው። የጦር መሣሪያ ንግዱም አለ። የታመነ የተባለ ሰው ካርዱን ሽፋን አድርጎ ሰው ቢያሻግርስ? ይህን ሥጋት በከፊል እቀበላለሁ። ካርዱ የባለቤቱን አካልና በእጁ የያዘውን ሸክም እንጂ መኪና ወይም ሌላ ሰው የሚያሳልፍ መሆን የለበትም። ባለ ካርዱም ቢሆን አልፎ አልፎ ሳይታሰብ መፈተሽ አለበት፤ በአሜሪካም የሚደረገው ይኸው ነው። ሰሊጥ ለማጨድ በሺህ እየሆነ ወደ ቆላው የሚወርደው የወቅት ሠራተኛም በዚህ መዝገብ አይገባም፤ የእርሱ ጉዳይ ሌላ ጽሑፍ የሚጠይቅ ነው። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ግን ፖሊሱ ከሚያውቃቸው ሴቶች ላይ ዐይኑን አንሥቶ የማያውቀውን ሰው ለመመርመር ጊዜ ያገኛል።

መሣሪያው ዛሬ አለን። በ1015 ሳይሆን በ2015 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 1284 መሠረት ፋይዳ የተባለው መታወቂያ የሰውን አሻራና የዐይን ብሌን መዝግቦ አንድ ቁጥር ይሰጣል። (በአሥራ አምስተኛው ቀን የኬላ ዝርዝር በእጅ ሲገለበጥ ያየ ሰው የቀልዴን ምክንያት ይረዳልኛል።) ፋይዳ ግን ሰውየው ማን እንደሆነ እንጂ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አይናገርም። ያን የሚናገረው የቀበሌው ምስክርና የተመላላሹ የራሱ መዝገብ ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ አጎቴን በስማቸው የሚጠራቸው ፖሊስ ቢዛወርም ስማቸው በኬላው ይቀራል። ከመዝገብ የሚሰረዝ ሰውም ምክንያቱ በጽሑፍ ሊነገረው፣ ይግባኝ የሚልበትም ቦታ ሊኖረው ይገባል፤ አለዚያ ካርዱ ለደላላ አዲስ ሸቀጥ ይሆንለታል።

ቃለ መጠይቁ የሚደረግበት ስፍራ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ባለ ዘንቢሏን ሴት ጎንደር ድረስ ውጪ ካልናት የመኪናው፣ የማደሪያውና የጠፋው የገበያ ቀን ዋጋ ከካርዱ ይበልጥባታል፤ አታመለክትምም። ጠረጴዛው ድልድዩ አጠገብ፣ ቢርቅም ገንዳ ውኃ መሆን አለበት።

ይህን ሁሉ ጽፌ ከመጨረሴ በፊት ለአጎቴ ስልክ ደወልሁላቸው። እንዲህ ያለ መዝገብ ቢከፈት ይመዘገቡ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። እርሳቸው ግን መጀመሪያ ማወቅ የፈለጉት መዝጋቢው ከየት እንደሚመጣ ነው። «ከአዲስ አበባ የመጣ እንደሆነ አያውቀኝም፤ የዚህ አገር ሰው የሆነ እንደሆነ ደግሞ ከነጠላቶቼ ያውቀኛል» ብለው ሳቁ። ቀጥሎም ስለ ዝናብና ስለ ሰሊጥ ዋጋ አወራን። ልንሰነባበት ስንል ግን ለማመልከቻው ስንት ፎቶግራፍ እንደሚያስፈልግ ጠየቁኝ።