በቆመ ሞተር ላይ ለሚቀመጥ ሂሳቡን ማን ይክፈል?

ከባቱ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው አስፋልት ላይ የምትገኘው ቡልቡላ ገበያ በዋለችበት ቀን ከመንገዱ ግራና ቀኝ ባዶ መሬት ማግኘት ይቸግራል። ጋሪው፣ ባጃጁ፣ የቲማቲም ሣጥኑ፣ የሽንኩርት ጆንያው፣ ከገጠር ቀበሌ የገባው ሰው ተደበላልቆ ይቆማል። በዚህ መሃል ባለቤቱ ለአፍታ ወደ ሱቅ ሲገባ ትቶት የሄደ ሞተር ብስክሌት ካለ፣ ብዙም ሳይቆይ ላዩ ላይ ሰው ይገኛል። አንዱ ጎረምሳ እግሩን አንፈራጦ ተቀምጦ መሪውን ግራና ቀኝ ያዞራል። ጓደኛው በስፖኪዮው ፀጉሩን ያያል። ሕፃኑ ክላክሱን ይጫናል። አንድ አዛውንት ደግሞ ከዘራቸውን ሰልባትዮው ላይ አስደግፈው ከወዳጃቸው ጋር ስለ ከብት ዋጋ ያወጋሉ።

ባለሞተሩ ሲመለስ ጠብ ነው። "ውረድ!" ይላል፤ "ምን ሆነብህ?" ይባላል፤ ክርክሩ ይቀጥላል።

እንዲህ ባለ ጊዜ ለብዙ ባለሞተር ቶሎ የሚታወሰው "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ" የሚለው ተረት ነው። ሞተሬን የነካ ንቆኛል፤ የናቀኝን ዛሬ ዝም ካልኩት ነገ ከነጭራሹ ይዞት ይሄዳል ብሎ ያስባል። ስሜቱ ለባለንብረት የተገባ ቢሆንም በሂሳብ ሲመረመር ግን ኪሳራ ነው። የተቀመጠው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ማን እንደሆነ እንኳ አያውቅም፤ የማያውቁትን ሰው ደግሞ መናቅ አይቻልም። የተቀመጠው ደክሞት ነው። አግዳሚ ወንበር በሌለበት መንገድ ዳር፣ ስፖንጅ ያለው፣ ለመቀመጫ የተሠራ፣ ቁመቱም የሚመች ነገር ቆሞ አገኘ፤ ተቀመጠ። ጎረምሳው ደግሞ ሞተር መግዛት አምሮት ገንዘቡ ገና ስላልሞላለት ነው። ሁለቱም የነገ ገበያተኞች ናቸው። ባለሞተሩ ደላላ ከሆነ ደግሞ ከመካከላቸው አንዱ በሚቀጥለው ሳምንት ሽንኩርቱን የሚሸጥለት ገበሬ ልጅ ሊሆን ይችላል።

የጋሪ ፈረስ ይህ ችግር የለበትም። ማንም መንገደኛ የማያውቀውን ፈረስ ዘሎ አይቀመጥበትም፤ ይነክሳል፣ ይራገጣል፤ ጥበቃው አብሮት የተወለደ ነው። ባጃጁም ቢሆን ሾፌሩ ውስጡ ጋደም ብሎ ይጠብቀዋል። በርም፣ ጥርስም፣ ዘበኛም የሌለው ሞተር ብስክሌቱ ብቻ ነው።

ነገሩ በሌላ ከተማ ቀልድ ተብሎ ሊታለፍ ይችል ይሆናል። በቡልቡላና በአካባቢዋ ግን ሞተር የመዝናኛ ዕቃ ሳይሆን የሥራ መሣሪያ ነው። ከዝዋይ ሐይቅ ወጥቶ ወደ አብያታ የሚወርደውን የቡልቡላን ወንዝና ሐይቁን ተከትሎ በውሃ ፓምፕ የሚለማው ማሳ አስፋልት ዳር አይደለም። ከማሳ ማሳ ዞሮ ምርቱን የሚያየው፣ ዋጋ የሚቆርጠው፣ ለቀማ የሚያስጀምረውና መኪናውን የሚጠራው ደላላ ያለ ሞተር አይሠራም። የተበላሸ ፓምፕ የሚጠግነው መካኒክም፣ የግብርና ባለሙያውም እንዲሁ። የተቀናጀው የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ የቡልቡላ ስም ከኢንቨስትመንት ጋር አብሮ ይነሳል። ሽንኩርት ጥቂት ቀን ይታገሣል። ቲማቲም ግን በስምጥ ሸለቆ ፀሐይ ባለሞተር እጀታ እስኪያስቀይር ድረስ አይጠብቅም።

እጀታ የተባለው በአጋጣሚ አይደለም። የጎን መቆሚያ የተሠራው ሞተሩን ራሱን ለመደገፍ ነው። ተራው የሥራ ሞተር ከአንድ ኩንታል በላይ ይመዝናል፤ በላዩ አንድ ወይም ሁለት ጎረምሳ ተቀምጦ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ ያ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው በአንዲት ቀጭን ብረት ጫፍ ላይ ነው። አፈሩ ልል ከሆነ ብረቱ ይሰምጣል። ሞተሩ ፎሌ ላይ ከቆመ ደግሞ ትንሽ ወደ ፊት ሲገፋ መቆሚያው ወደ ኋላ ይታጠፍና ሞተሩ ይወድቃል። ሲወድቅ መጀመሪያ የሚሄደው ስፖኪዮው ነው፤ ቀጥሎ ፍሬቻው፣ ከዚያ የፍሪሲዮን ወይም የፍሬን እጀታው። ስፖኪዮና ፍሬቻ ቢሰበሩም የትራፊክ ፖሊስ እስኪያይ ድረስ ይነዳል። ያለ ፍሪሲዮን እጀታ ግን የዕለቱ ሥራ አለቀ ማለት ነው። ዕቃው እዚያው ከተገኘ ጥሩ፤ ካልተገኘ ባቱ ወይም ሻሸመኔ ድረስ ሰው መላክ ነው። የእጀታው ዋጋ ከጠፋው ቀን ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ሳይወድቅም ጉዳት አለ። ሕፃን ልጅ ሥራ ፈትቶ የቤንዚን መክፈቻዋን ቢያዞራት ባለሞተሩ ምንም አያውቅም። ካርቡሬተሩ ውስጥ በቀረችው ቤንዚን አስነስቶ ይሄዳል፤ ጥቂት እንደተጓዘ ሞተሩ ይጠፋል። ካንዴላ ሲፈታ፣ ሲጠርግ፣ ሲያጋጥም ቆይቶ ነው ምክንያቱን የሚያገኘው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ማርሚታው ነው። ከሩቅ የመጣ ሞተር ከቆመም በኋላ ማርሚታው ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ ቁምጣ የለበሰ ልጅ ሊቀመጥ ሲወጣ ባቱን አስነክቶ ይቃጠላል።

እዚህ ላይ ጉዳዩ ከመናናቅ ወጥቶ ወደ ሕግ ይገባል። ብዙ ባለሞተር "ሳይፈቀድለት የወጣ ለራሱ ይወቅ" ሲል ይሰማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን እንዲህ አይልም። ቁጥር 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ያንቀሳቀሰው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ። ከዚህ ኃላፊነት የሚያወጣው ጉዳቱ በደረሰ ጊዜ ተሽከርካሪው ተሰርቆበት እንደነበር ማስረዳት ነው። ቁጥር 2086 ደግሞ "ጥፋት የለብኝም" የሚለውን መከላከያ ይዘጋና ጥፋቱ በሙሉ ወይም በከፊል የተጎጂው ራሱ ከሆነ ብቻ ኃላፊነቱ እንዲቀር ወይም እንዲቀንስ ያደርጋል። ጎረምሳው ቁልፉ የተሰካበትን ሞተር አስነስቶ በአጠገቡ የቆሙ ባልቴት ላይ ቢነዳው፣ ባልቴቲቱ ምንም ጥፋት የለባቸውም፤ ሞተሩም አልተሰረቀም። የሚጠየቀው እንግዲህ ሱቅ ውስጥ ሻይ ሲጠጣ የነበረው ባለቤት ነው። የቆመ ሞተር ወድቆ የሚያደርሰው ጉዳት በዚህ ቁጥር ይገዛል አይገዛም ብሎ ጠበቃ ሊከራከር ይችል ይሆናል፤ ክርክሩ ግን ራሱ ወጪ ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 የሚያስገድደው የሦስተኛ ወገን መድን ስሙ እንደሚለው ለሦስተኛ ወገን ነው፤ የባለቤቱን የተሰበረ እጀታ አይተካም።

ሕጉ ለባለሞተሩም ፊቱን ጨርሶ አላዞረበትም። ቁጥር 1148 ባለይዞታ ንብረቱን ሊነጥቅ ወይም ይዞታውን ሊያውክ የመጣን ሰው በኃይል ለመከላከል ይፈቅድለታል፤ ሁኔታው ከሚጠይቀው በላይ የሆነ የኃይል ሥራ ግን ይከለክላል። በተቀመጠበት በጥፊ የተመታ ጎረምሳ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ቢሄድ ተከሳሹ ባለሞተሩ ነው። ሞተሩን የጣለው አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ከሆነ ደግሞ ቁጥር 2124 አባቱን ኃላፊ ያደርጋል። እንዲህ ባለ ከተማ አባትየው የሚገኘው በፍርድ ቤት መጥሪያ ሳይሆን በሽማግሌ ነው፤ ሽማግሌ ፊት ደግሞ ልጁን መትቶ የመጣ ሰው ስለ እጀታ ካሣ የመጠየቅ አቅሙ በግማሽ ይቀንሳል። ጥፊው በብር ይመነዘራል ማለት ነው።

ሌብነትስ? የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ልዩ ፈቃድ ከተሰጣቸው በቀር በሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴ ላይ እገዳ የጣለችው በሞተር ይፈጸም የነበረውን ወንጀል በምክንያትነት ጠቅሳ ነበር። የሞተር ሌባም ቢሆን ሲጀምር እንደ መንገደኛ ተደግፎ፣ እንደ ጓደኛ ተቀምጦ ነው። ከሩቅ ሲታይ ደካማውን ከሌባው የሚለይ ምልክት የለም። ስለዚህ ለሁለቱም የሚሠራ ዘዴ ያስፈልጋል፤ ጩኸት ደግሞ ለሁለቱም አይሠራም። ሌባውን ያነቃዋል፣ ደካማውን ያስቀይመዋል።

ልምድ ያላቸው ባለሞተሮች የሚያደርጉት ሌላ ነው። ቁልፉን ነቅለው፣ መሪውን ቆልፈው፣ በአንደኛ ማርሽ ያቆሙታል። ከመቆሚያው ብረት ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ያስገባሉ። ማርሚታውን ሰው ከሚተላለፍበት አዙረው ወደ ግድግዳ ያስጠጉታል። ሲመለሱም ሰው ተቀምጦ ካገኙ "ውረድ" አይሉም። "ኦቦሌሳ፣ ማርሚታው እግርህን እንዳያቃጥልህ!" ይላሉ። ጎረምሳው ዘሎ ይወርዳል፤ ወርዶም ያመሰግናል። ለአዛውንቱ ደግሞ "አባቴ፣ ይህ ነገር ይጥልዎታል፤ ከሱቁ ወንበር ላምጣልዎት" ነው። በአንድ አረፍተ ነገር ሞተሩ ይለቀቃል፣ ማንም አላፈረም፣ የሚቆጠር ወጪም የለም። ይህን ሽንገላ ነው የሚሉ አሉ። አይደለም። ማርሚታው በእርግጥ ያቃጥላል፤ ሞተሩም በእርግጥ ይጥላል። የተነገረው እውነት ነው፤ የተመረጠው የቱ እውነት ቀድሞ እንደሚነገር ብቻ ነው። ሕፃናት ሲሆኑ ደግሞ ከሁሉ ደፋር የሆነውን መርጦ "አንተ ጠብቅልኝ" ማለት የቆየ ዘዴ ነው። ጠባቂ የተባለ ልጅ ጓደኞቹን ከባለቤቱ ይበልጥ አጥብቆ ያባርራል። ሲመለሱ አንድ ነገር መስጠት ግን አይዘነጋም፤ ያልተከፈለው ጠባቂ በሚቀጥለው ጊዜ ራሱ ይቀመጣል።

የችግሩ ቋሚ መፍትሔ የሚጀምረውም ከዚህ ጥቂት ገንዘብ ነው። ጥበቃ አገልግሎት ነው፤ አገልግሎት ደግሞ ዋጋ አለው። ሞተር ብስክሌት ከሰው ጋር ተጋፍቶ በሚውልባቸው የቬትናም ከተሞች ባለሞተር ንብረቱን እንዲሁ ጥሎ አይሄድም። ማቆሚያውን የሚጠብቀው ሰው በኖራ ጠመኔ መቀመጫው ላይ ቁጥር ይጽፍበትና ያንኑ ቁጥር የያዘ ካርድ ለባለቤቱ ይሰጠዋል፤ ካርዱን ያልያዘ ሞተሩን አያነሳም። ለዚህ የሚያስፈልገው ጠመኔ፣ ቁራጭ ካርቶንና የሚታመን ሰው ብቻ ነው። በአዲስ አበባም ወጣቶች ተደራጅተው በየጎዳናው የመኪና ማቆሚያ ክፍያ ሲሰበስቡ ኖረዋል። ያንኑ አሠራር በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የገበያ ቀን ለሞተር ማዋል የሚከብድ አይደለም። አንድ ገመድ የተወጠረበት ጥግ፣ ቢቻል ጥላ ያለው፣ ሁለት ወጣቶች ከጠመኔያቸው ጋር፤ ማዘጋጃ ቤቱ ከዚህ በላይ አይጠየቅም።

እስከዚያው ድረስ ሱቆቹ አንድ ነገር ማድረግ ይችላሉ። ደንበኛ በሞተር የሚመጣበት የዘርና የመድኃኒት መደብር፣ የፓምፕ መለዋወጫ ሻጭ፣ ወፍጮ ቤት በረንዳው ላይ አግዳሚ ቢያኖር የሞተሩ ወንበር ይረፋል። ጥቂት ጣውላና ምስማር ነው ወጪው። የደከመው ሰው አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፤ ሱቅ ፊት የተቀመጠ ሰው ደግሞ ይዋል ይደር እንጂ አንድ ነገር መግዛቱ አይቀርም። ይህን ነጋዴው ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። አግዳሚ ካስቀመጥኩ ሥራ ፈት ይሰበሰብብኛል ብሎ ይፈራል። ሥራ ፈቱ ግን አሁንም እዚያው ነው፤ የተቀመጠው በደንበኛው ሞተር ላይ ነው እንጂ።

በሰው ከሚጨናነቀው መንገድ ዳር ይህን ሂሳብ ቀድመው የገባቸው የጀበና ቡና ሻጮች ናቸው። ትናንሽ የፕላስቲክ መቀመጫ ደርድረው፣ ጥላ ዘርግተው፣ ቀኑን ሙሉ ከቦታቸው አይነቃነቁም። ሞተሩን ከረከቦቱ ጎን አቁሞ አንድ ስኒ የጠጣ ሰው "እይልኝ፣ እመጣለሁ" ብሎ ቢሄድ ማንም አይነካበትም፤ ሊቀመጥ የመጣውንም ቡና ሻጯ መቀመጫ ስባ ቡና ትቀዳለታለች። እስካሁን የምታስከፍለው የቡናውን ብቻ ነው። ከረከቦቱ ጎን የሚደረደረው ሞተር ሲበዛ ለጥበቃውም ለብቻው ሒሳብ ብትጠይቅ የሚገርም አይሆንም፤ ባለሞተሩም የፍሪሲዮን እጀታ ዋጋ እያስታወሰ መክፈሉ አይቀርም።