ከልጁ በፊት የሚወለድ ወረቀት



በክረምት ማብቂያ የትምህርት ቤቶች ምዝገባ ሲጀመር፣ ከዐረብ አገር የተመለሱ ወላጆች እዚያ የተወለዱ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ እኛ ወደ መምህራን ይመጣሉ። ልጆቹ አንደበታቸው የተፈታ፣ ልባቸው ለትምህርት የተከፈተ ነው፤ ማሻ አላህ! የልደት ማስረጃ ሲጠየቅ ግን ነገሩ ይለወጣል። አንዱ ያለው ሆስፒታል የሰጠው ቁራጭ ማስታወቂያ ብቻ ነው። ሌላዋ የምስክር ወረቀት ቢኖራትም በላዩ የሰፈረው የእናት ስም እናቲቱ በአገር የምትታወቅበት ስም አይደለም። ሦስተኛው ደግሞ ጭራሽ ምንም የለውም። ወላጆችም «ልጁ ቆሞ እየታየ ወረቀቱ ምን ያደርጋል?» ይሉናል። በዚህ ወር ዓምዳችን የምንነጋገረው ስለዚሁ ጥያቄ ነው።

በአሜሪካ ምድር የሚወለድ ልጅ በአብዛኛው እዚያ በመወለዱ ብቻ ዜግነት ሲያገኝ ኖሯል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ግን እንዲህ አይደለም። እዚያ ዜግነት በዋናነት የሚወረሰው ከአባት ነው። ስለዚህ ባልና ሚስት በጅዳ ወይም በዱባይ ሃያ ዓመት ቢቀመጡም፣ የሚወልዱት ልጅ በዚያ አገር እንግዳ ነው፤ የሚቀመጠውም በመኖሪያ ፈቃድ ነው። አገሩ የወላጆቹ አገር ነው። የእኛ ሕግ በዚህ በኩል ለልጁ በሩን ሰፋ አድርጎ ከፍቶለታል። በ1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግም ሆነ፣ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6፣ እንዲሁም የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው ይላሉ። አባት ብቻ አላሉም፤ እናትም ትበቃለች። ይሁን እንጂ ሕጉ ይህ ሕፃን የእገሌና የእገሊት ልጅ መሆኑን ከየት ያውቃል? የሚነግረው ወረቀቱ ነው። ወረቀቱ ከሌለ ልጁ በተወለደበት አገር እንግዳ፣ በወላጆቹ አገር ደግሞ ያልታወቀ ሆኖ ይቀራል።

ሥራው እንዴት እንደሚሄድ በሳዑዲ ዓረቢያ ምሳሌ እንመልከት። ልጁ ሲወለድ ሆስፒታሉ የልደት ማስታወቂያ ይሰጣል፤ ወገኖቻችን «ተብሊግ» የሚሉት ነው። ይህ የልደት ምስክር ወረቀት አይደለም፤ ወደ ምስክር ወረቀቱ የሚያደርስ መነሻ ነው። ወላጆች ማስታወቂያውን፣ ፓስፖርታቸውን፣ ኢቃማቸውንና የጋብቻ ማስረጃቸውን ይዘው አሕዋል መደኒያ ከሚባለው የሲቪል መዝገብ ክፍል ዘንድ የልደት ምስክር ወረቀት ያወጣሉ። ቀጥሎ ሪያድ ወዳለው ኤምባሲያችን ወይም ጅዳ ወዳለው ቆንስላችን ሄደው ልጁን ያስመዘግባሉ፤ ፓስፖርትም ይጠይቁለታል። ፓስፖርቱ ሲገኝ በጀዋዛት በኩል የልጁ መኖሪያ ፈቃድ ይወጣል። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ደግሞ ልጁ በተወለደ በ120 ቀናት ውስጥ የመኖሪያ ፈቃዱ ካልወጣ ቅጣት ይቆጠራል። የአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004ም ልደት በ90 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል።

አንባቢያን ልብ ይበሉ! ከእነዚህ ደረጃዎች እያንዳንዱ ከእርሱ በፊት ያለውን ይጠይቃል። የመጀመሪያው ደረጃ ደግሞ የሚጠይቀው የወላጆቹን ወረቀት ነው። እንግዲህ የልጁ ወረቀት ከልጁ በፊት ይወለዳል የምንለው ለዚህ ነው። እናቲቱ ምጥ ከያዛት በኋላ የሚፈለግ ወረቀት ብዙውን ጊዜ አይደርስም።

በቅድሚያ የሚነሣው የኒካሑ ማስረጃ ነው። ብዙ ወገኖቻችን ኒካሕ የሚያስሩት በሽማግሌና በምስክር ፊት ነው። በዲናችን ኒካሑ መስፈርቱን እስካሟላ ድረስ ትክክል ነው፤ ሆስፒታሉና መዝገብ ቤቱ ግን ምስክሮቹን አያውቋቸውም። አገር ቤት የተጋቡ ሰዎች ማስረጃውን ከሸሪዓ ፍርድ ቤት ወይም ከወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ወስደው፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎም በሚሄዱበት አገር ኤምባሲ አረጋግጠው ቢጓዙ ብዙ እንግልት ይቀርላቸዋል። እዚያ የተጋቡም ማስረጃቸውን ነፍሰ ጡርነት ሳይመጣ ይያዙ። ብድር ትንሽም ትልቅም ቢሆን ከመጻፍ እንዳንሰለች በሱረቱል በቀራ 282ኛ አንቀጽ የታዘዝን ሰዎች ነን። ለብር ይህን ያህል ጥንቃቄ ከተጠየቅን ለልጅ ነሰብማ ምንኛ!

ሁለተኛው የእናት ስም ጉዳይ ነው። ብዙ እህቶቻችን ወደ ዐረብ አገር የሄዱት በደላላ እጅ ነው። ደላላው ሥራ እንዲገኝ ብሎ የክርስቲያኗን ስም በሙስሊም ስም የለወጠበት፣ የልጅቱንም ዕድሜ ከፍ ያደረገበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ ወረቀት ለሠራተኛዋ የጉዞ መሣሪያ ነበር። እናት ስትሆን ግን ያ ስም በልጇ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ ይሰፍራል። አገር ቤት ስትመለስ በመታወቂያዋ ያለችው ሴት ሌላ፣ በልጇ ወረቀት ያለችው እናት ሌላ ትሆናለች። የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ የልጁ ፓስፖርት፣ ኋላም የውርስ ጉዳይ ሁሉ በዚህ ላይ ይሰናከላል። የስም ጉዳይ በፍርድ ቤት የሚታይ ስለሆነ፣ እህቶቻችን ለዕረፍት ሲመጡ ይህን ቀድመው ቢጨርሱ ለልጃቸው ከወርቅ የበለጠ ስጦታ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል አሕዛብ ልጆች በአባቶቻቸው እንዲጠሩ አዟል፤ የነሰብ መጠበቅ የእናትንም ትክክለኛ ስም ይጨምራል።

ሦስተኛው የስም አጻጻፍ ነው። በዐረብኛ ፊደል «ገ» የለም፤ «ጨ»ም የለም። አያቱ ገመዳ የሚባል ልጅ ስሙ በቃፍ ወይም በጂም ይጻፍና በሌላ መሥሪያ ቤት «ቀመዳ» ወይም «ጀመዳ» ሆኖ ይነበባል። ሙሐመድ የሚለው የተባረከ ስም እንኳ በላቲን ፊደል ብዙ ዓይነት አጻጻፍ አለው። የአባት ስም በፓስፖርቱ አንድ ዓይነት፣ በኢቃማው ሌላ፣ በልጁ ወረቀት ሦስተኛ ዓይነት ሲሆን፣ መሥሪያ ቤቱ ሦስት ሰው ያያል። ስለዚህ ፓስፖርቱን አውጥታችሁ በእጅ እያሳያችሁ አስጽፉ። ከመስኮቱም ሳትርቁ ፊደል በፊደል አንብቡ፤ ዐረብኛ የሚያነብ ወዳጅ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበልጥ መልካም ነው። ገና ያልታተመ ስሕተት በብዕር ይስተካከላል፤ የታተመ ግን ማመልከቻ ይጠይቃል።

አራተኛው ቀን ነው። እኛ በሦስት አቆጣጠር መካከል የምንኖር ሰዎች ነን። ሙሐረም 1 ቀን 1446 ዓመተ ሒጅራ በሳዑዲ አቆጣጠር በአውሮፓውያን ሐምሌ 7 ቀን 2024፣ በእኛ ደግሞ ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር። አንድ ሰው ቸኩሎ 2016ን በአውሮፓውያን ቦታ ቢሞላ፣ አራስ ልጅ በአንድ ጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ ይሆናል። በሰዓቱም እንዲሁ ነው። በዲናችን አዲሱ ቀን በመግሪብ ይገባል፤ መዝገብ ቤቱ ግን እኩለ ሌሊትን ይጠብቃል። ቅዳሜ ከምሽቱ 3 ሰዓት የተወለደ ልጅ ለዐቂቃው ሲቆጠር የእሑድ፣ በወረቀቱ ግን የቅዳሜ ነው። ሁለቱም በየቦታው ትክክል ነው፤ ወረቀት ላይ ግን ሆስፒታሉ የጻፈውን ቀን አትለውጡ።

የመኖሪያ ፈቃድ ስለሌላቸው ወይም ማስረጃ ስላልያዙ በፍርሃት ከሰው ቤት የሚወልዱ እህቶችም አሉ። እነርሱን መውቀስ ቀላል ነው፤ መርዳቱ ግን ግዴታችን ነው። የእናት ወይም የአባት ጉዳይ ምንም ይሁን ምን፣ ሕፃኑ ያጠፋው የለም። ከላይ እንዳልነው የእናት ኢትዮጵያዊነት ለልጁ ይበቃል። ልጁን የተመለከቱ ሰዎችን፣ የክትባት ካርዱን፣ ያለውን ማስረጃ ሁሉ ሰብስባ ወደ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ እንድትሄድ ጎረቤቶቿ ያበርቷት፤ ብቻዋን አትላክ። ዛሬ ነገ ማለት የሚያስከትለውንም አይተናል። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲመለሱ፣ ሻንጣ ለማሰር እንኳ ጊዜ ያላገኙ ነበሩ።

እንግዲህ ልጅ የምትጠብቁ ወላጆች፣ ከመውለጃው ወር በፊት በአንድ ማታ አብራችሁ ተቀመጡ። የሁለታችሁን ፓስፖርት፣ ኢቃማና የኒካሕ ማስረጃ ጎን ለጎን ዘርግታችሁ ስሞቹን አነጻጽሩ፤ የሚያልቅባቸውንም ቀን እዩ። የልጁን ስም ተስማሙ፤ በአማርኛ፣ በዐረብኛና በላቲን ፊደል ጽፋችሁ አስቀምጡ። ልጁ ከተወለደ በኋላ ዋናውን ወረቀት ለማንም አትስጡ፤ ቅጂውን አገር ቤት ለአያቶቹ ላኩ። አገር ቤት ያላችሁ አያቶችም ቅጂውን ከመስጊድ መዋጮ ደረሰኝ ጋር አትቀላቅሉት፤ ለብቻው አስቀምጡት፤ ልጁ መጥቶ የሚጠይቅበት ቀን አለና።

አላህ (ሱ.ወ.) በሰው አገር የሚወለዱ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ አማናቸውንም ለመወጣት ያግዘን። ወቢላሂ ተውፊቅ።