መነኩሲት የተባለች ወፍ

በዚህ ወር የምናስተዋውቃችሁን ወፍ ብዙዎቻችሁ ድምፅዋን ሰምታችኋል፤ መልኳን ለይታችሁ ያያችሁ ግን ጥቂቶች ትሆናላችሁ። በደብረ ሊባኖስ ዙሪያ ባለው ደን፣ በመናገሻ ሱባም ሆነ በወንዶ ገነት፣ ዋሽንት የሚመስል ለስላሳ ድምፅ ከረጃጅም ዛፎች ጫፍ ሲወርድ የሰማ ሰው ቀና ቢል፣ ብዙ ጊዜ ከሚወዛወዝ ቅርንጫፍ በቀር የሚያየው የለም።

ለሚታገሥ ግን ትገለጥለታለች። አካሏ ደማቅ ቢጫ ነው፤ ራሷ እስከ ላይኛው ደረቷ ድረስ ጥቁር ስለ ሆነ ቆብ ያጠለቀች ትመስላለች። ምንቃሯም ዐይኗም ቀይ ነው። ወንዱና ሴቲቱ በመልክ ይመሳሰላሉ።

ስሟ ከዚሁ ቆብ የመጣ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ዮሐን ፍሪድሪኽ ግመሊን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1789 ዓ.ም. በላቲን «ሞናካ» አላት፤ ይኸውም መነኩሲት ማለት ነው። ነገር ግን ስሙን ከራሱ አላመነጨውም፤ ከእርሱ አስቀድሞ ፈረንሳዊው ቡፎን በወፎች መጽሐፉ «ሞሎክሲታ፣ ወይም የሐበሻ መነኩሲት» ብሎ ጽፏት ነበር። «ሞሎክሲታ» የሚለው ቃል ለባዕድ ጆሮ እንግዳ ነው፤ መነኩሴን «መለኩሴ» ሲሉ ለሰማ ሰው ግን ምንጩ ሩቅ አይመስለንም። የአገራችን ቋንቋ ያወጣውን ስም የባሕር ማዶ ሊቃውንት ጽፈው ሲያቆዩት፣ እኛ «ያቺ ቢጫ ወፍ» ብለን ማለፋችን ያስቆጫል። የደቡቡን ዘሯንም ብለንደልና ሎቫት የተባሉ ሁለት ተጓዦች በ1899 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በዐፄ ምኒልክ ስም «መነሊኪ» ብለው ሰይመውታል።

ይሁን እንጂ ቢጫ አካልና ጥቁር ራስ ያለው ወፍ ሁሉ እርሷ አይደለችም። በመንደር ዛፍ ላይ በማኅበር እየተንጫጩ ጎጆአቸውን ከሣር ሸምነው ከሚያንጠለጥሉት ወፎች መካከል፣ በመራቢያው ወራት ወንዱ እርሷን የሚመስል አለ። እርሱ ግን አነስ ያለ ነው፤ ምንቃሩም አጭር፣ ወፍራምና ጥቁር ስለ ሆነ በቀላሉ ይለያል። የሚያስቸግረው የቅርብ ዘመዷ ነው። እርሱ በደቡብ በኩል በደረቅ የግራር ጫካ ይኖራል፤ በሩቅ ሲያዩት እርሷን ራሷን ይመስላል። ልዩነቱ በታጠፈው ክንፍ ላይ ነው፤ በዘመዷ ክንፍ ላይ የላባዎቹ ጠርዝ ነጭ ሲሆን፣ የመነኩሲቲቱ ግን አመድማ ነው። ድምፃቸው ስለሚቀራረብ በጆሮ ብቻ መፍረድ አይገባም። ክንፉን ማየት ያልቻለ ሰው የቆመበትን ስፍራ ያስተውል፤ ጥቅጥቅ ያለ የደጋ ወይም የወይና ደጋ ደን ከሆነ፣ እርሷ የመሆኗ ነገር ያመዝናል። በጥቁር ራሱ ላይ ቢጫ ሽንትር ያለበትና ምንቃሩ ገና ያልቀላ ያጋጠመው እንደ ሆነም፣ ያ ጫጩትነቱን ያልጨረሰ ወጣት ነው።

ይህች ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በሌላ አገር አትገኝም። ምግቧ ፍሬና ነፍሳት ነው፤ ስለዚህ ሾላና ዋንዛ ተቆርጠው ባሕር ዛፍ ብቻ በተተከለበት ቦታ የምትለቅመው ፍሬ አታገኝም። በሰሜኑ ደጋ ከጥንቱ ደን ብዙው የቀረው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ በመሆኑ፣ በቅጥሩ ውስጥ አንድ ሾላ ሲወድቅ ለእርሷ ትልቅ ጉዳት ነው።

ልጆቻችሁን ልታሳዩአቸው ብትፈልጉ፣ ሾላ በሚያፈራበት ወራት ማልዳችሁ ከዛፉ ራቅ ብላችሁ ጸጥ ብላችሁ ቁሙ፤ ስትወርድም አስቀድማችሁ ምንቃሯን፣ ቀጥሎም የክንፏን ጠርዝ ተመልከቱ።